የጋራ ቤታችን ጣሪያ ወድቋል፦ ዳግም የድጋፍ ጥሪ

ውድ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፣

አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ላልሰማችሁ በአጭሩ እንንገራችሁ። ሥር የሰደደ ሕመምና የአካል ጉዳት ያለብን ሰዎች የምንገናኝበት የጋራ ቤታችን የዕቃ ክፍል ጣሪያ ወድቋል። ሌሊቱን ሙሉ የጣለው ዝናብ ኮርኒሱን አርሶ አርሶ፣ ሊነጋጋ ሲል ከነእንጨቱ ተዘርግፎ የውሰት ዕቃዎቻችን ላይ አረፈ። በሰዓቱ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ለዚህ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ግድግዳ የሚጋራው የማረፊያ ክፍል ቀን ላይ ቢሆን ኖሮ ሰው ተጋድሞበት ነበር። እሱም አሁን ተዘግቷል። ያዩት ባለሙያዎች ጣሪያው ሳይጠገን ማንም እንዳይገባ ነግረውናል።

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አውጥተን አየናቸው። ክራንቾቹ ተወልውለው ቆመዋል፤ ደህና ናቸው። የአንዳንዶቹ ዊልቸሮች የፊት ጎማ ግን ኩሽኔታው ዝጎ አልዞር ብሏል። ከሁሉም የከፋው የመቀመጫ ትራሶቹ ናቸው። ስፖንጁ ሲጨመቅ ጥቁር ውሃ ይወጣዋል፤ ከደረቀም በኋላ ሽታው አልለቀቀም። ለሚያየው ሰው ስፖንጅ ነው። ከወገቡ በታች ስሜት ለሌለው ወንድማችን ግን ትልቅ ነገር ነው። እሱ ሲቆስል አይሰማውም። የግፊት ቁስል ቆዳ ላይ ትንሽ ምልክት ሆኖ ይጀምርና ካልታወቀ እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ለዚህ ነው ትክክለኛ ትራስ የሚያስፈልገው፤ ለዚህ ነው አጠገቡ የተቀመጠ ጓደኛው በየጊዜው «ተነሳ በል፣ ክብደትህን ቀይር» የሚለው። ብዙ ጊዜ ይህን የምታስታውሰው ደግሞ ሕመም ቀንና ሌሊት የማይለቃት እህታችን ናት። ሕመም የማይተዋቸውና ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች በዚህ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠባበቁ ነበር።

እንደገና እጃችንን መዘርጋት ከብዶናል። ያለፈው የገንዘብ ማሰባሰቢያ መንገድ ላይ ቆሟል። በዕለቱ ቃል የገባው ሰው ብዙ ነበር፤ ገቢ የሆነው ከዚያ በጣም ያንሳል። ኑሮ መክበዱን እናውቃለን፤ እኛም እዚያው ውስጥ ነን። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምንጽፈው። ቃል የገባችሁትን አሁን ብታስገቡልን ግን የጣሪያው እንጨትና ክዳን ወዲያው ይገዛል። የሒሳብ ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በተያያዘው፣ ማኅተም ባለበት ገጽ ላይ አለ። ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ነው የተከፈተው። እባካችሁ በግለሰብ ስም አትላኩ።

ቤቱ እንዴት እንደተጀመረ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ጥቂት ጓደኛሞች ነበርን፤ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ የተዋወቅን። አንዱ የጀርባ ሕመም፣ አንዷ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ሌላው እግሩ ከተቆረጠ በኋላም የሌለው እግሩ የሚያመው። በየቤታችን «ምን ሆነሽ ነው፣ ደህና ትመስያለሽ እኮ» መባል የሰለቸን ሰዎች ነበርን።

ያኔ ብዙዎቻችን እንደ ሰነፍ ነበር የምንታየው። ምርመራው ምንም ካላሳየ ሕመሙም እንደሌለ ይቆጠር ነበር። ሳይንሱ ግን ሌላ ነው የሚለው። ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። የመጀመሪያው ጉዳት ድኖም ነርቮችና አእምሮ ሕመሙን መላክና ማጉላት ሊቀጥሉ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ሥር የሰደደ ሕመም የራሱን ቦታ አግኝቷል። ይህን የሚያስረዳ ወረቀት አዘጋጅተን ለአባላት ቤተሰቦች አድለናል። ካነበቡት መካከል አንድ አባት ልጃቸውን ይቅርታ ጠይቀዋታል። ለእኛ ያ ወረቀት ከማተሚያ ወጪው እጅግ ይበልጣል።

የሌሊቱ ስልክ ደግሞ አለ። ሕመም ሌሊት ይብሳል። ቤተሰብ ተኝቷል፣ ሰው መቀስቀስ ያሳፍራል፣ ሰዓቱ አይሄድም። ተራ ገብተን ስልክ እንጠብቃለን። የሚያነሳው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ልስማሽ ወይስ ላውራሽ?» አንዳንዱ ማልቀስ ይፈልጋል። አንዳንዱ ስለ ኳስ፣ ስለ ሰፈር ወሬ፣ ስለ ምንም ስለ ምንም መስማት ይፈልጋል። መድኃኒት አንመክርም፤ ይህ ጥብቅ ደንባችን ነው። አዲስ ምልክት ካለ፣ ድንገት እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ወሬውን አቁመን ወደ ድንገተኛ ሕክምና እንልካለን። ይህ ስልክ ጣሪያው ከወደቀም በኋላ አልተቋረጠም። የአየር ሰዓቱን ግን አሁን ተረኞቹ ከኪሳቸው እየሞሉ ነው።

አሁን ስለ ወጪ። «ያለፈው ገንዘብ የት ገባ?» የሚለው ሐሜት ደርሶናል፤ ስለዚህ በግልጽ እንናገር።

ካለፈው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የወሰደው የመግቢያው ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት ነው። «ሦስት ደረጃ ለማለፍ ይህ ሁሉ ሲሚንቶ ለምን?» ያላችሁ አላችሁ። የተለመደው መለኪያ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው። የእኛ ሦስት ደረጃ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 መርዘም ነበረበት። ከዚያ ካጠረ ቀጥ ይልና ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለብጣል፤ ብቻውን መውጣት የሚችለውንም ሰው ገፊ ያስፈልገዋል። ሰውን ተሸክሞ ማስገባት ይቻል ነበር የሚል ካለ፣ እንደ ዕቃ መነሳት ምን እንደሚመስል የተነሱትን ይጠይቅ። የመጸዳጃ ቤቱን በር ያሰፋነውም ለዚሁ ነው። በሩ ሲጠብ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ አባላት ነበሩን።

«ጣሪያው እያፈሰ ለምን ራምፕ ቀደመ?» የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው። በዚያን ጊዜ በእጃችን የነበረው ለአንዱ ብቻ ይበቃ ነበር። ጣሪያው ያፈሰው ውስጥ ላለነው ነው። ደረጃው ግን ሰዎችን ጭራሽ ከደጅ ይመልስ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ ድምፅ ሰጠ፤ ቃለ ጉባኤው አለ። ዛሬም ብንጠየቅ ያንኑ እንመርጣለን። ቀሪው ገንዘብ ለትራስና ለዊልቸር ጥገና፣ ለሕክምና ቀጠሮ መጓጓዣ ወጥቷል። ደረሰኞቹ በገንዘብ ያዧ እጅ ናቸው። ማንም አባል መጥቶ ማየት ይችላል። ከሒሳቡ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ የኮሚቴ አባላት አበል የለንም።

ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የምንሰበሰበው በየአባላቱ ቤት ነው። ጥሩ ነው፤ ደግ ሰዎች በራቸውን ከፍተዋል። ነገር ግን አብዛኛው ቤት ደረጃ አለው። ያ ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ወንድማችን ከዚያ ወዲህ አንድም ስብሰባ ላይ አልተገኘም። ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያዋ የሚተሳሰረው እህታችን ደግሞ ሰው ሳሎን ውስጥ ተዘርግታ መተኛት ታፍራለች። በማረፊያ ክፍላችን ፍራሹ መሬት ላይ ነበር፤ ተኝታ ታወራለች፣ ተኝታ ትስቃለች፣ ማንም ዞሮ አያያትም። አሁን «ደህና ስሆን እመጣለሁ» ትላለች። ይህን ዐረፍተ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ከጓደኞቹ የሚርቀው በዚህ ዓይነት ነው፤ ቀስ እያለ፣ ማንም ሳያባርረው።

ብቸኝነት ደግሞ ጤናን ይነካል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የታተመ፣ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። ጓደኛ ሕመም ያድናል አንልም። ሕመም ያለበት ሰው ግን የሚጠብቀው ሰው ካለ ይነሳል፣ ይለብሳል፣ ቀጠሮውን አይቀርም። ይህን በዓይናችን አይተናል።

የታመመን መጠየቅ በየእምነታችን የታዘዝነው ነው። በዜግነትም ቢሆን ግዴታ አለብን። የተባበሩት መንግሥታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ19ኛው አንቀጹ በማኅበረሰብ ውስጥ መኖርና መካተት መብት ነው ይላል። በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ከፍተኛ የአካል ጉዳት እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የማይነካው ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ ያልደረሰባችሁም ዕድሜና አደጋ ማንን እንደሚመርጡ አታውቁም።

ገንዘብ ለሌላችሁ ሌላም መንገድ አለ። አናጢ ከሆናችሁ ጉልበታችሁን ስጡን። እንጨት፣ ክዳን፣ ምስማር የተረፋችሁ ንገሩን፤ መጥተን እንወስዳለን። ያገለገለ ዊልቸርም እንቀበላለን፤ ብቻ ከማምጣታችሁ በፊት የመቀመጫውን ስፋት ለክታችሁ ላኩልን። ለሰውየው የሰፋ ዊልቸር ትከሻውን ይጎዳል፤ የጠበበም ያቆስለዋል። ያገለገለ ትራስ ግን ይቅርብን፤ ስፖንጁ ከተኛ አይጠቅምም።

ደግመን እናሳስባለን። ገንዘቡን በማኅበሩ ሒሳብ ብቻ አስገቡ። ቁጥሩ ማኅተም ባለበት በተያያዘው ገጽ ላይ ነው። በስልክ ደውሎ «ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚል ካለ አትመኑ፤ አልተቀየረም። ከመላካችሁ በፊት የሚወጣው ስም የማኅበሩ መሆኑን አረጋግጡ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የደረሰኙን ፎቶ ለገንዘብ ያዧ ላኩ። በየሳምንቱ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን ለሁላችሁም እናሳውቃለን። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። በአንዴ መክፈል ያልቻላችሁ ከፋፍላችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ንገሯት፣ በመዝገቡ ትይዝላችኋለች።

እግዚአብሔር ይስጥልን።

የጋራ ቤቱ ኮሚቴ