ቦታ ከመምረጣችን በፊት

ሰላም ጓዶች፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንደልባቸው የሚሆኑበትን ካምፕ ጉዳይ እስቲ ከወሬ እናውጣው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ተዋናዩ ፖል ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ በጽኑ ለታመሙ ልጆች ካምፕ ከፍቷል።

ቦታ ስታዩ በእይታው አትማረኩ፤ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እዩ። በሩ ሲከፈት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ ውስጡም ዊልቸር የሚዞርበት 1.5 ሜትር ገደማ ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ራምፑ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ደግሞ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ይርዘም፣ አለበለዚያ በጣም ቀጥ ይልና ሰው እየገፋ ማውጣት ራሱ መከራ ነው (ሞክሬዋለሁ፣ ወገቤ ምስክር ነው)። ጠጠር መንገድ ካለ ቦታውን እርሱት።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ ስለሚቀመጥ ፍሪጅ የግድ ነው። የኦክስጅን ማሽን የሚጠቀሙም ይኖራሉ፣ መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር ከሌለን ጉዳችን ፈላ! ማታ የሚያድር ነርስም እንፈልግ።

ፕሮግራሙ ላይ የእረፍት ሰዓት በዛ ብላችሁ እንዳትቀንሱት፣ የሚደክመው ሰው ብዙ ነው።

ከመካከላችን ዊልቸር ወይም ነጭ በትር የምትጠቀሙ፣ ቦታ ለማየት ስንወጣ አብራችሁን ውጡ። ማን እንደሚመጣ እስከ አርብ አሳውቁኝ።