የግሽ አባይን ጅረት ለመጠበቅና ታሪኩን ለመሰብሰብ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የሰከላ ተወላጆችና የአባይ ወዳጆች፣

በጎጃም፣ በሰከላ ወረዳ ካለው ከግሽ ተራራ ሥር የሚፈልቀው ውኃ ገና ከምንጩ ሲወጣ ልጅ የሚዘልለው ቀጭን ጅረት ነው። ረግረጉን አቋርጦ በገብስና በድንች ማሳዎች መካከል ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ግልገል አባይ ተብሎ፣ ቆጋንና ሌሎችንም ወንዞች ተቀብሎ ጣና ይገባል። ወደ ጣና ከሚፈስሱት ወንዞች ትልቁ እርሱ ነው።

ምንጩ ዝናው የታወቀ ነው። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እዚህ ደርሰው ያዩትን ጽፈዋል፤ የአካባቢው አገዎች ለውኃው የነበራቸውን ክብርም መዝግበዋል። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለአባይ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ አንዲት ጠብታ ሳይነካቸው እንደተቀበሉ ይተረካል። ዛሬም ምእመናን ከሩቅ መጥተው ጠበሉን በጀሪካን ይቀዳሉ።

ከምንጩ ዝቅ ብሎ ያለውን ግን ማን ጻፈው? የየገባሩ ጅረት ስም፣ ከብት የሚሻገርበት መልካ፣ የጋራ ግጦሽ የነበረው ሜዳ፣ በክረምት ሙላት ሰው የተወሰደበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ ያለው በሽማግሌዎች ልብ ውስጥ ብቻ ነው። አንድ አዛውንት ባረፉ ቁጥር አብሮ ይቀበራል። ፈረንጅ ደርሶበታል ተብሎ የሚጻፈው ታሪክ የኖሩበትን ሰዎች ታሪክ ሊተካ አይችልም።

ጅረቱም ራሱ ተጎድቷል። እርሻው እስከ ውኃው አፍ ደርሷል፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ውኃው የማሳውን አፈር ይዞ ቀልቶ ይወርዳል፤ ያ አፈር መድረሻው ጣና ነው። ባሕር ዛፍ መትከልን አንነቅፍም፤ ገበሬው ቤት የሚሠራበትም፣ ሸጦ ልጁን የሚያስተምርበትም እርሱ ነው። በጅረቱ ዳርና በምንጮች አናት ላይ ሲተከል ግን ውኃውን ይመጥጠዋል። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በገዛ ቀያችን እንዲፈጸም መተው የለብንም።

ስለዚህ የአካባቢው ሰዎች ተሰባስበን ሁለት ሥራ ይዘናል። አንደኛው የሽማግሌዎችንና የእናቶችን ቃል በድምፅ መቅዳት፣ የጅረቶቹን ስም በካርታ ላይ ማስፈርና ለትምህርት ቤቶች የሚሆን መጽሐፍ ማሳተም ነው። ሁለተኛው ከባለመሬቶቹ ጋር ተስማምቶ የጅረቱን ዳር መከለል፣ ኮሶ፣ ወይራ፣ ጽድና ቀርከሃ መትከል ነው። መሬቱ የገበሬው ኑሮ ስለሆነ፣ ዳሩን ለሚለቅ ሰው የከብት መኖ ሣር ዘርና የፍራፍሬ ችግኝ በምትኩ መስጠት አለብን። ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ያላችሁ ልጆቻችን፣ የአቅማችሁን አዋጡ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ገቢና ወጪው በሕዝብ ፊት ይነበባል። ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ይስጥ፤ ጉድጓድ የሚቆፍርም፣ ችግኝ የሚንከባከብም ያስፈልገናል። በቤታችሁ የቆየ ፎቶግራፍ ወይም የአባቶቻችሁ የመሬት ግብር ደረሰኝ ካለ ቅጂውን ላኩልን፤ የጠፉ የቦታ ስሞች ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ላይ ነው። ችግኙ በሐምሌ እንዲተከል መደቡ በበጋ መሰናዳት ስላለበት፣ መዋጮው ከወዲሁ ቢደርሰን ሥራው ለከርሞ አይተላለፍም።