የዘንድሮውን የገና በዓል በእንጦጦ ቤተ መንግሥት ስለማክበር

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ በአዳራሹ ሲያዘጋጅ የቆየው የገና ዝግጅት ዘንድሮ ከበዓሉ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ በእንጦጦ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትና በአቅራቢያው በሚገኝ ሜዳ እንዲካሄድ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ጋር ተመካክረን ወስነናል።

አዳራሹ በፕላስቲክ ጥድ፣ በጥጥ በረዶና በቀይ ቆብ ሲያሸበርቅ ልጆቻችን ይደሰቱ እንደነበር አይካድም፤ ይሁን እንጂ የገና ዱላ ይዘው የሚያውቁት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከክፍላቸው መስኮት በየቀኑ ከሚያዩት ተራራ ላይ ያለውንም ቤተ መንግሥት አብዛኞቹ ገብተው አላዩትም።

ልጆቹ ቤተ መንግሥት ሲባል የሚታያቸው የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ስለሆነ፣ እንጦጦ ደርሰው ቅር እንዳይላቸው አስቀድማችሁ ብታጫውቷቸው መልካም ነው። እዚያ የሚጠብቃቸው ባለ ማማ ግንብ ሳይሆን ግድግዳው የነጣ፣ የሳር ክዳን የለበሰ፣ ከትልቅ የባላገር ቤት ብዙም የማይርቅ ቤት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ እንኳ አፄ ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ከዚሁ ቤት አጠገብ በምትገኘው በእንጦጦ ማርያም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍል ውሃው አካባቢ የወረደው የተራራው ብርድ ስለከበደ፣ ውሃውና ማገዶውም ስላልበቃ ነው፤ ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ የመጣው ከዚያ በኋላ መሆኑን የታሪክ መምህራችን በቦታው ያስረዳሉ።

ከጉብኝቱ በኋላ የገና ጨዋታ ይኖራል። ዱላዎቹ ጫፋቸው ከቆለመመ ቅርንጫፍ በትምህርት ቤቱ ስለተዘጋጁ ከገበያ መግዛት አያስፈልግም። ከእንጨት የሚጠረበው ሩር ቅልጥም ስለሚጎዳ፣ ልጆቹ የሚጫወቱት በጥብቅ ተጠቅልሎ ከላዩ በቆዳ በተሰፋ የጨርቅ ሩር ይሆናል። መምህራንም አብረው ይጫወታሉ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንዲሉ፣ ርእሰ መምህሩም ቢሆን ዱላ ሲነካው እንደማይቆጣ ከወዲሁ ያረጋግጣል።

ዕለቱ በጾመ ነቢያት ውስጥ የሚውል በመሆኑ በትምህርት ቤቱ የሚዘጋጀው ምሳ የጾም ነው። ልጆቹ በአንድ ገበታ ስለሚቀርቡ፣ የማይጾሙ ቤተሰቦችም ከቤት ተጨማሪ ምግብ ሲልኩ ሥጋ፣ ቅቤና ወተት የሌለበት እንዲሆን በአክብሮት እንጠይቃለን። የሙስሊም ተማሪዎቻችንና የሌሎች እምነቶች ተከታዮች ወላጆች እንድታውቁልን የምንፈልገው፣ ጉብኝቱ የታሪክ ትምህርት አካል መሆኑንና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለመሳለም የሚገቡት ወላጆቻቸው በጽሑፍ የፈቀዱላቸው ልጆች ብቻ መሆናቸውን ነው። ጨዋታው ግን የሁሉም ነው።

ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ የሚል በመሆኑ የታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ብርቱ፣ የቀትር ፀሐዩም የሚያቃጥል ነው። ስለዚህ ሹራብ፣ ኮፍያና ለሩጫ የሚመች ሸራ ጫማ ያስፈልጋል፤ ነጠላና የአገር ልብስ መልበስ የሚፈልጉ ከውስጥ ሙቀት ያለው ነገር ይደርቡ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ ለክፍል ኃላፊው መምህር አስቀድማችሁ አሳውቁን፤ መድኃኒቱም በልጁ ስም ተጽፎበት ይላክ።

አውቶቡሶቹ ከትምህርት ቤቱ በር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይነሣሉ፤ ከቀኑ 9 ሰዓትም ይመለሳሉ። የመጓጓዣውንና የመግቢያውን ወጪ ትምህርት ቤቱ ይሸፍናል። አብራችሁን ልትወጡ የምትፈልጉ ወላጆች፣ በተለይ ገናን በልጅነታችሁ የተጫወታችሁና ደንቡን ልታሳዩን የምትችሉ፣ ስማችሁን በጽሕፈት ቤቱ አስመዝግቡ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘው የፈቃድ ቅጽ ተፈርሞ ከጉዞው በፊት ባለው ረቡዕ እንዲመለስልን እናሳስባለን፤ ቅጹ ያልደረሰንን ተማሪ ይዘን አንወጣም።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር