የቤት ሥራውን ሠርቶ ማስረከብ ስለሚረሳው ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ልጃቸው ደብተሩን በየጊዜው እንደሚረሳ፣ ለአንድ ገጽ የቤት ሥራ ምሽቱን ሙሉ እንደሚፈጅ፣ «ና» ሲሉት «እሺ መጣሁ» ብሎ እንደሚቀር ጽፈዋል። ድካማቸው በደንብ ይገባኛል። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ብዙውን ጊዜ የማስተምረው ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ነው። የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ግን ደብዳቤው የደረሰበት መደምደሚያ ከነከነኝ። «ስንፍና ነው፤ ጠበቅ ከማድረግ ሌላ መላ የለውም» ይላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ፣ ሐሳብን ሰብስቦ አንድ ሥራ ላይ መቆየት፣ ጊዜን መመጠን፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ንባብ በትምህርት የሚገኙ ችሎታዎች ናቸው። ንባብን ፊደል በፊደል፣ በትዕግሥት እናስተምራለን። እነዚህን ግን ልጁ ከራሱ እንዲያመጣቸው እንጠብቃለን። ሳያመጣ ሲቀር እንቆጣለን።

በየዓመቱ ከክፍሌ የማይጠፋ አንድ ዓይነት ልጅ አለ። የቤት ሥራ ሲሰበሰብ ዝም ይላል። «ያንተስ የት አለ?» ስለው ያቀረቅራል። ቦርሳውን አብረን ስንከፍት ወረቀቱ ከመጻሕፍቱ ሥር ተጨማዶ ይገኛል። ተሠርቷል! መልሱም ትክክል ነው። ታዲያ ይህ ልጅ ምን ጎደለው? ዕውቀት አልጎደለውም። ፍላጎትም አላነሰውም፤ ቁጭ ብሎ ሠርቶታል። እስቲ የቤት ሥራ ማስረከብ ምን ምን እንደሚጠይቅ እናስበው። ሲነገር መስማት፣ መጻፍ፣ ትክክለኛውን ደብተር ይዞ መሄድ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰው መጀመር፣ መጨረስ፣ መልሶ ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ ከዚያም በማግስቱ፣ ጓደኛው አጠገቡ እያወራ፣ ልክ በሰዓቱ ማስታወስ። ከነዚህ አንዷ ከተዘለለች የለፋበት ሁሉ ዜሮ ነው። «ቲቸር፣ እኮ ሠርቼዋለሁ!» ሲለኝ እውነቱን ነው።

ይህን ሁሉ በማቀናጀት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል ዘግይተው ከሚበስሉት አንዱ ነው። እድገቱ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይቀጥላል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገና መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ለአፍታ በአእምሮ የሚያዘው ነገርም ውስን ነው። ኔልሰን ኮዋን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አዋቂ ሰው እንኳ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው አራት ያህል ነገር ነው ብለዋል። የልጅ ከዚያም ያንሳል። አሁን ጠዋት ጠዋት የምንለውን አስቡት። «ጥርስህን ቦርሽ፣ ካልሲህን ፈልግ፣ ደብተርህን ክተት፣ ውሃህን ያዝ፣ መብራቱን አጥፋ!» ልጁ ክፍሉ ሲደርስ ምናልባት ካልሲዋ ብቻ ትዝ ትለዋለች። እኛ ደግሞ «ይሄ ልጅ አይሰማም» እንላለን።

መላው ቀላል ነው። ትእዛዙ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችል ልጅ በሥዕል ይሁን፤ ሥዕሉንም ራሱ ይሳለው፤ የራሱ ሲሆን ያየዋል። ከዚያ በኋላ የእኛ ጥያቄ ይለወጣል። «ጥርስህን ቦረሽክ? ደብተርህን ከተትክ?» ማለት ቀርቶ «ዝርዝርህ ላይ ምን ቀረህ?» እንለዋለን። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በመጀመሪያው ጥያቄ የማስታወሱን ሥራ የምትሠራው እናት ናት። በሁለተኛው ሥራው ወደ ልጁ ይሻገራል።

ጊዜን በተመለከተ ትንሽ ልቆይበት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው። «አምስት ደቂቃ አለህ» ስንለው ለልጁ አምስት ደቂቃ ምን ያህል ነው? ሰዓት ማንበብ ተምሮ ሊሆን ይችላል። ሰዓት ማንበብና የጊዜን ርዝመት ማወቅ ግን የተለያዩ ናቸው። ክፍሌ ውስጥ የማሠራት ቀላል ነገር አለች። አንድ አንቀጽ ከመገልበጣቸው በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚወስድባቸው ገምተው ጥግ ላይ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ እውነተኛውን ከጎኑ ይጽፋሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሚጽፉት ግምት የምኞት ነው። «ሁለት ደቂቃ!» ይላሉ በሙሉ ልብ። ሳምንታት ሲያልፉ ግምቱና እውነቱ እየተቀራረቡ ይመጣሉ። ማንም አልተቆጣቸውም፤ የተማሩት ከራሳቸው ቁጥር ነው።

ይህ ስህተት የልጅ ብቻም አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ሰዎች ሥራቸው የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሰው የመገመት ልማድ እንዳላቸው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ሌላ ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ገደማ ነው። እነዚህ አዋቂዎች ናቸው! ታዲያ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «አሁን እጨርሳለሁ» ብሎ ባይጨርስ ለምን ውሸታም እንለዋለን?

ጊዜ የሚታይ ይሁን። ለትንንሽ ልጆች ባለ ዘንግ የግድግዳ ሰዓት ቁጥር ብቻ ከሚያሳየው ይሻላል፤ ዘንጉ ሲሄድና የቀረው ቦታ ሲጠብ ያያሉና። ባለቀለም ወረቀት ቆርጦ «ዘንጉ እዚህ እስኪደርስ» ብሎ ሰዓቱ ላይ መለጠፍ ይቻላል። አላርም ብቻውን ግን አልወድም። ልጁ በድንገት ይደነግጣል እንጂ ጊዜው እንዴት እንዳለቀ አያይም።

አሁን ብዙ ወላጆችን ቅር ወደሚያሰኝ ነገር ልምጣ። ሆን ብለው የሚንቀረፈፉ ልጆች አሉ፤ እውነት ነው። ግን ለምን? አንዷ ተማሪዬ ሒሳብ ላይ ፈጣን ናት። ቤት ስትገባ ግን ለአምስት ጥያቄ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል ብለው እናቷ መጡ። ልጅቷን ለብቻዋ ጠየቅኳት። «ቶሎ ከጨረስኩ ሌላ ይጨመርብኛል» አለችኝ። ጨርሰሽ ትጫወቻለሽ ትባላለች፤ ስትጨርስ ግን «ጎበዝ! በይ ደግሞ ይቺን ጨምሪ» ይመጣል። ልጅቷ ሒሳቡን በደንብ ሠርታዋለች። መዘግየት ያዋጣታል።

ትንንሽ ልጆች ፊት አንድ ጣፋጭ አስቀምጦ «ከጠበቃችሁ ሁለት ትወስዳላችሁ» የሚለውን የዋልተር ሚሼልን ሙከራ ብዙ ሰው ሰምቷል። የጠበቁት ልጆች በኋላ የተሻለ ይሳካላቸዋል ተብሎ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ልጆችን ይዞ የወጣ ጥናት ግን የቤተሰብ ሁኔታ ከግምት ሲገባ ግንኙነቱ በጣም እንደሚያንስ አሳየ። እኔን የበለጠ የነካኝ ሌላው ነው። ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጣፋጩ በፊት ተመራማሪዋ ለልጆቹ የተሻለ የሥዕል ዕቃ አመጣለሁ ብላ ቃል ገባች። ለግማሾቹ አመጣች፤ ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» አለች። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሱ። ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል። ልጆቹ ጥቂት ነበሩ፤ 28 ብቻ። ቢሆንም ክፍሌ ውስጥ የማየውን ይመስላል። «ስትጨርስ ትጫወታለህ» ካልን፣ ሲጨርስ ይጫወት። የተረፈው ጊዜ የእሱ ነው።

ትኩረትን በተመለከተ ደግሞ ከትንሹ መጀመር ይሻላል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተማሪ ሳለ የወጥ ቤት ደቂቃ ቆጣሪ ይዞ 25 ደቂቃ ሠርቶ አጭር ዕረፍት የሚያደርግበትን ዘዴ ፈጠረ። ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ 25 ደቂቃ ብዙ ነው። እኔ ከአሥር እጀምራለሁ። ዕረፍቱ መነሳት፣ መዝለል፣ ውሃ መጠጣት ነው። ስልክ ግን ዕረፍት አይሆንም፤ ልጁን ከስልኩ መመለስ ራሱ ሌላ ጠብ ነው። አጀማመሩም እንዲሁ ይወሰን። «ዛሬ አጠናለሁ» የሚለው ዕቅድ በቀላሉ ይተናል። «ልብሴን እንደቀየርኩ የሒሳብ ደብተሬን እከፍታለሁ» የሚለው ግን መነሻ አለው። የሥነ ልቦና ሊቁ ፒተር ጎልዊትዘር ይህን «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ለዓመታት አጥንተውታል፤ ሰዎች ያሰቡትን እንዲፈጽሙ እንደሚያግዝም አሳይተዋል።

ስልክ ካነሳን አይቀር፣ የልጁ ብቻ ሳይሆን የእኛም ስልክ ከጥናቱ ቦታ ይራቅ። ልጅ አጠገብ ቁጭ ብለን ቪዲዮ እያገላበጥን «ትኩረት አድርግ!» ማለት አይሆንም። ቴሌቪዥኑም ይጥፋ። ልጁ ድምፁን አልሰማም ቢልም ይሰማዋል።

ከሁሉም የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። ለልጇ ቦርሳ የምታዘጋጅ እናት ፍቅሯን እያሳየች ነው። ግን አምስተኛ ክፍል ደርሶም እሷው ካዘጋጀችው እሱ መቼ ይለምዳል? መጀመሪያ እኛ ጮክ ብለን እያሰብን አብረን እንሥራው። «ነገ ምን ትምህርት አለ? ሳይንስ። ሳይንስ ምን ይፈልጋል?» ቀጥሎ እሱ ጮክ ብሎ እያሰበ ይክተት፤ እኛ እንስማ። ቆይቶ በሩ ላይ ቆመን ብቻ እንጠይቅ። ከዚያ መጠየቁንም እንተው። አንዳንዱ ልጅ በወር ይደርሳል፣ አንዳንዱ ዓመት ይወስዳል። ደብተሩን ረስቶ ሲሄድ ሮጦ ማድረስ አስፈላጊ ነው? በእኔ አስተያየት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ደብተር ረስቶ አንድ ቀን ቢቸገር ምንም አይሆንም። ነገር ግን ይህን የምለው መምህሩ ክፍል ፊት የማያዋርደው ከሆነ ብቻ ነው። የተዋረደ ልጅ የሚማረው ደብተር መያዝን ሳይሆን መደበቅን ነው።

ሁለት ነገሮች እንዳይዘለሉ። አንደኛው እንቅልፍ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ያልተኛ ልጅ ላይ ምንም ዓይነት ዝርዝር አይሠራም። ሁለተኛው፣ ይህ ሁሉ ተሞክሮ ልጁ ቤትም ትምህርት ቤትም ለወራት እጅግ ከተቸገረ ባለሙያ ይየው። ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግር በልጅነት የሚጀምር የታወቀ የጤና ጉዳይ ነው። ልጁ ሆን ብሎ የሚያደርገው አይደለም፤ የወላጅ ጥፋትም አይደለም።

የመጨረሻው ለባልደረቦቼና ለርዕሳነ መምህራን ነው። የቤት ሥራ ደወል እየተደወለ፣ ልጆች ቦርሳ እያነገቱ፣ በቃል አይነገር። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ሁሌም በአንድ ጥግ። ለመገልበጫ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥ፤ መምህሩም ዞር ዞር ብሎ መገልበጣቸውን ይይ። በር አጠገብ አንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ ልጆች እንደገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ የቤት ሥራቸውን እዚያ ይጣሉ። በሳምንት አንድ ቀን ከመሄጃ ሰዓት በፊት ቦርሳ ይገልበጥ፤ የሚጣለው ይጣል፣ የሚያዘው ወደ ቦታው ይግባ። ይህ በግል ትጋት የምንሠራው ከመሆን አልፎ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ በግልጽ ቢገባ እመኛለሁ። አሁን ድልድሉ ሲወጣ ለዚህ የሚተርፍ ደቂቃ የለም እንባላለን። ለሒሳብና ለቋንቋ ከሚመደበው ሰዓት በሳምንት ሃያ ደቂቃ ቢነሳ ግን ሒሳቡና ቋንቋው ራሳቸው ይጠቀማሉ፤ የተሠራው የቤት ሥራ እጃችን ይገባልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት