የቦብ ክራቺት ደመወዝም ይነገር

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ፈረንጆች ገና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ዛፉንም፣ ካርዱንም፣ ድግሱንም ያመጣው እሱ ነው የሚል ይመስላል። ዋናውን ጉዳዩን ግን ዘሎታል።

የዲከንስ «የገና መዝሙር» የተባለው ልብወለድ የታተመው በዲሴምበር 1843 ነው። መጽሐፉ ውስጥ የገና ዛፍ የለም። ዛፉ የጀርመን ልማድ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የገነነው በ1848 ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ባሏ አልበርትና ልጆቻቸው ዛፍ ከበው የሚታዩበት ሥዕል ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን የገና ካርድ በ1843 ለገበያ ያወጣው ደግሞ ሄንሪ ኮል ነው።

ዲከንስን ያንገበገበው የድሆች ኑሮ ነበር። አባቱ በዕዳ ሲታሰር እሱ ገና በ12 ዓመቱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ ሠርቷል። በ1843 ስለ ሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ የወጣውን የመንግሥት ሪፖርት ሲያነብ በጣም ተቆጣ። መጀመሪያ ያሰበው ስለ ድሃ ልጆች የአቤቱታ ጽሑፍ ለማሳተም ነበር። በኋላ ሐሳቡን ለወጠና ታሪኩን ጻፈ።

እስቲ የመጽሐፉን ዋና ባለታሪክ፣ የስክሩጅን ቢሮ አስቡት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የቢሮ ጸሐፊው የቦብ ክራቺት እሳት አንዲት ፍም ብቻ ትመስላለች። የከሰሉን ሳጥን አለቃው ስክሩጅ በራሱ ክፍል ውስጥ ስላስቀመጠው ቦብ መጨመር አይችልም። ስለዚህ ሻርፑን ይጠመጥምና በሻማ ለመሞቅ ይሞክራል። ደመወዙ በሳምንት 15 ሽልንግ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ነው። በዚህች ብር ሚስትና ስድስት ልጆች ያስተዳድራል። የገናን ቀን እንዲያርፍ ሲፈቀድለት እንኳ ቋጣሪው ስክሩጅ ኪሱ የተበረበረ ያህል ያጉረመርማል።

ቤታቸው መጥበሻ ምድጃ ስለሌለ የገና ዝያቸው የሚጠበሰው ዳቦ ቤት ነው። ልጆቹ ሄደው ያመጡታል። አዲስ አበባ ለበዓል የድፎ ሊጥ ተሸክሞ ዳቦ ቤት የተሰለፈ ሰው ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ፑዲንግ የሚባለው የገና ጣፋጭ ደግሞ የሚቀቀለው በልብስ መቀቀያው ነው፤ ሲወጣ የእጥበት ቀን ይሸታል። ሆኖም ከቤተሰቡ አንድም ሰው ለዚህ ሁሉ አፍ ትንሽ ነው አይልም። ይህን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የመጽሐፉ ዋጋ 5 ሽልንግ ነበር፤ የቦብ የሳምንት ደመወዝ ሲሶ ማለት ነው። እንደ ቦብ ያለ ሰው እንዴት ይገዛዋል? ዲከንስም ይህ ሳይገባው አልቀረም። በ1853 በርሚንግሃም ታሪኩን በአደባባይ ሲያነብ፣ አንዱ ምሽት ለሠራተኞች በርካሽ ዋጋ እንዲሆን ራሱ ጠይቋል።

በገና ቀን የመሥራቱ ልማድ መለወጡ እውነት ነው። ስክሩጅ ሌሊት የመጡበት መናፍስት ገሥጸውት ልቡ ሲመለስ በገና ጠዋት በመስኮት ብቅ ብሎ አንድ ልጅ ተርኪ (ከዶሮ የሚተልቅ የበዓል ወፍ) እንዲገዛለት ይልካል። ሱቁ ክፍት ነበራ! ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ ትልልቅ ሱቆች በገና ቀን እንዲዘጉ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ያስገድዳል። እዚህ ለንደንም አውቶቡስና ባቡር ይቆማል። ከዛፉም ከመብራቱም ይልቅ ለቦብ የሚጠቅመው ይህ ለውጥ ነው።

ግን ሁሉም አያርፍም። በዚያ ቀን የአረጋውያን መንከባከቢያው፣ ሆስፒታሉና ሆቴሉ ሥራ ላይ ናቸው። ከሠራተኞቹ መካከል እኛ ሐበሾች አለን። እኔም አንዱ ነኝ። ዲሴምበር 25ን እኛ እንገባላቸዋለን፤ በለውጡ የራሳችንን ገና፣ ጃንዋሪ 7ን፣ እንዲለቁልን እንጠይቃለን። በደስታ የሚፈቅድ አለቃ አለ። ፊቱን የሚያጨፈግግም አለ። ያን ጊዜ ቦብ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ዲከንስ ስትጽፉ ከበረዶና ከተርኪ ሥዕል ጋር አንድ ገጽ ተርጉማችሁ አውጡልን። «የገና መዝሙር» ሦስተኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ከመናፍስቱ አንዱ ካባውን ገልጦ ለስክሩጅ ሁለት የከሱ ልጆች ያሳየዋል። ወንዱ ድንቁርና፣ ሴቷ ችጋር ይባላሉ። ስክሩጅ ደንግጦ መጠጊያ የላቸውም ወይ ሲል፣ መንፈሱ ስክሩጅ ስለ ድሆች የተናገረውን መልሶ ይነግረዋል፦ «እስር ቤት የለም ወይ?» ያን ገጽ አትሙልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከለንደን