አረንጓዴው ዱቄት ከዓሣ እንቁላላችን ይራቅልን

በደቡብ ወሎ የዓሣ ሀብት ልማት ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች

ክቡራን ሆይ፣

ኮምቦልቻ ዳር በሁለት ገንዳ አምባዛ የማራባ ሰው ነኝ። ባለፈው ነሐሴ ከአንዲት እናት አምባዛ የጨመቅሁትን እንቁላል ወንፊት ላይ ዘርግቼ አደርሁ። ለዚያ ሌሊት ሲባል አንድ ወንድ ታርዷል፤ የአምባዛ ወንድ እንደ ሴቷ ተጨምቆ ዘሩን በቀላሉ አይሰጥምና። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የጠበቀኝ ግን ጫጩት አልነበረም። ወንፊቱ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ በቅሎ ነበር።

መፍትሔ ፍለጋ ስዞር አንድ ነጋዴ በላስቲክ የተቋጠረ አረንጓዴ ዱቄት ሰጠኝ። «ጣል አድርግበት፣ ይጠፋል» አለኝ። እውነት ለመናገር፣ ይጠፋል። ማላካይት ግሪን የሚባለው ይህ የጨርቅ ማቅለሚያ ሻጋታውን በመግደል አይታማም። ነገር ግን ዓሣው አካል ውስጥ ሲገባ ቀለሙን ጥሎ ስቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዓይን አያየውም፣ ማብሰልም ጨርሶ አያጠፋውም። ካንሰር ያመጣል የሚል ስጋት ስላለ በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ አይፈቀድም። «እኔ የምጨምረው እንቁላል ላይ ብቻ ነው» የሚል ይኖራል። ዛሬ ለእንቁላል የተገዛ ዱቄት ነገ ቁስል ያወጣ ትልቅ ዓሣ ገንዳ ውስጥ እንደሚገባ እኛ አርቢዎች እናውቃለን። የገንዳችን ውሃ መጨረሻው ደግሞ ቦርከና ወንዝ ነው።

ሌላው መካሪዬ የሻጋታ መድኃኒት እንድገዛ ነገረኝ። ስሙ አሳስቶታል። የውሃ ሻጋታ የምንለው ሳፕሮሌግኒያ የእንጀራ ሻጋታ ወገን አይደለም፤ ዘመዱ በክረምት የድንች ማሳ አጥቁሮ የሚያወድመው በሽታ ነው። የሕዋሱ አሠራር የተለየ ስለሆነ፣ ግድግዳውም እንደ ዕፅዋት ሴሉሎስ ስላለበት፣ ለእውነተኛው ሻጋታ የተቀመሙ ብዙ መድኃኒቶች አይነኩትም።

አነሳሱም ከሞተ እንቁላል ነው። ያልዳበረው እንቁላል ይነጣል፣ ሻጋታው እሱ ላይ ይበቅላል፣ ከዚያ ክሩን ወደ ጎረቤቱ ዘርግቶ ሕያዉን አፍኖ ይገድላል። እንግዲህ ብርዳችንን አስቡት። የአምባዛ እንቁላል በ28 ዲግሪ ውሃ አንድ ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ በ20 ዲግሪ ግን ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። የኮምቦልቻ የክረምት ሌሊት፣ የደሴማ አይነሣ፣ ለሻጋታው አንድ ሙሉ ቀን ይመርቅለታል።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ነጩን በቀጭን ቱቦ እየሳብሁ እለቅማለሁ፣ ውሃው እንዳይቆም እጠብቃለሁ። ይህ ብዙ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የሚበቃው በየፋርማሲው ለቁስል ማጠቢያ የምናውቀው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲጨመርበት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዓሣ እንቁላል ፈቅዳዋለች፤ ለሞቃት ውሃ ዓሦች መጠኑ በአንድ ሊትር ውሃ ከ750 እስከ 1,000 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ15 ደቂቃ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ውሃና ኦክስጅን ሆኖ ይቀራል። ሆኖም ጠርሙሱ 3 በመቶ ነው ወይስ 35 በመቶ? የተሳሳተ ሰው እንቁላሉንም የገዛ እጁንም ያቃጥላል።

ስለዚህ አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። የእንስሳት ክሊኒኮች ጥንካሬው በግልጽ የተጻፈበት ፐርኦክሳይድ በደረሰኝ ይሽጡልን። በመራቢያው ወቅት መጠን አስልቶ የሚያሳየን አንድ ባለሙያ ይመደብልን፤ ሰበታና ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከላት ስላሉ የሚያሠለጥነው አይጠፋም። አረንጓዴው ዱቄት ለዓሣ እንዳይሸጥም በየገበያው ማስታወቂያ ይለጠፍ። ሐይቅና አርዲቦ የሚባሉትን ሁለት ሐይቆች አጠገባችን ይዘን ስለ ዓሣ የምንጠይቀው ሰው ማጣታችን፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ ያሳፍረኛል።

የሚቀጥለውን እንቁላል የምጨምቀው በሰኔ መጨረሻ ነው። ዱቄቱ እንደተቋጠረ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ለማን እንደማስረክበው ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምቦልቻ ዓሣ አርቢ