መናፈሻው ከገበያው ጀርባ አይጣል

ይድረስ ለከተማችን ከንቲባ፣ ለምክር ቤቱ አባላትና ለከተማ ፕላን ጽሕፈት ቤት

ክቡር ከንቲባ፣

ባለፈው ሳምንት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የተለጠፈውን የመሬት አጠቃቀም ረቂቅ ፕላን ቆሜ አየሁት። ቀዩ ንግድ፣ ቢጫው መኖሪያ፣ አረንጓዴው መናፈሻ ነው። ቀዩ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ከከተማዋ መግቢያ እስከ መውጫዋ ተዘርግቷል። አረንጓዴውን ግን ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ አንዱ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ሌላው በገደሉ አፋፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለት መንገዶች ሲጋጠሙ በተረፈች ሦስት ማዕዘን ላይ። መጀመሪያ የተሠመረው ቀዩ እንደሆነ፣ አረንጓዴው ከእሱ በተረፈው ላይ እንደተቀባ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ይህን ደብዳቤ አሁን የምጽፈው ረቂቁ ገና ስላልጸደቀ ነው። መሬቱ ለአልሚዎች ከተላለፈ በኋላ መጮህ ዋጋ የለውም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የንግድ መሬቱና መናፈሻው በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ጊዜ ይነደፉ፤ የመናፈሻው የወሰን ድንጋይም ከንግድ ቦታዎቹ በፊት ይተከል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት በሰፈሬ ካለው መናፈሻ ልነሳ። በካርታ ላይ ከቤቴ እስከ እሱ ድረስ በቀጥታ ቢለካ 200 ሜትር አይሞላም። በመካከላችን ያለው የገበያ ማዕከል ነው። ባለፈው ቅዳሜ የ5 ዓመት ልጄን ይዤ ስወጣ ሰዓት ያዝኩ። የማዕከሉን አጥር ዞርን፣ የመኪና ማቆሚያውን አቋረጥን፣ ከዚያም የጭነት መኪኖች ዕቃ ለማራገፍ ወደ ኋላ በሚገቡበት መተላለፊያ አለፍን። 14 ደቂቃ ፈጀብን። መተላለፊያው የእግረኛ መንገድ የለውም። ልጄ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ የሚያሰማውን ድምፅ ለይታ ታውቃለች፤ ገና ስትሰማው እጄን ትለቅና ከግድግዳው ጋር ትለጠፋለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወደ መጫወቻ ቦታ ለሚወስድ መንገድ ይህን ማስተማር እንዳለብኝ ሳስብ ግን ያመኛል።

መናፈሻው ውስጥ 3 አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ሁለቱ የሚያዩት የማዕከሉን የጀርባ ግድግዳ ነው፤ ሦስተኛው ከጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ትይዩ ነው። ከተተከሉት ችግኞች ግማሾቹ ደርቀዋል፤ አፈሩን በጫማዬ ጫፍ ጫር ጫር ሳደርገው ከሥሩ የግንባታ ፍርስራሽ ወጣ። በዚያች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበያ ማዕከሉ በሰው ተጨናንቆ ሳለ መናፈሻው ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ነን። ማዕከሉ ወደዚያ በኩል አንድ በር፣ አንድ መስኮት እንኳ የለውም።

በአጥሩ ላይ አንድ የእግረኛ በር ቢከፈት 14 ደቂቃው ወደ 3 ደቂቃ ይወርዳል። ይህንኑ ጠቅሼ ለማዕከሉ አስተዳደር ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የተሰጠኝ መልስ «በጸደቀው ፕላን ላይ በዚህ በኩል መግቢያ ስለሌለ አንገደድም» የሚል ነው። እውነታቸውን ነው፤ አይገደዱም። በፕላን ላይ ያልሰፈረውን ነገር በኋላ በልመና ማስገኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን በእጃችሁ ያለው ረቂቅም ይህንኑ ስሕተት በሦስት ቦታ ሊደግመው ነው።

«ሕዝቡ መናፈሻ አይጠቀምም፤ ያለውም ባዶውን ነው የሚውለው» የሚል ክርክር በውይይት መድረኮች ላይ ሲነሳ ሰምቻለሁ። ባዶ መዋሉ ልክ ነው። ጥያቄው ለምን ባዶ ዋለ የሚለው ነው። ለዚህ ከአሜሪካዋ ፊላደልፊያ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። የከተማዋ መሥራች ዊልያም ፔን እ.ኤ.አ. በ1682 ባስነደፈው የከተማዋ ፕላን ላይ ከመሀለኛው አደባባይ ሌላ አራት አረንጓዴ አደባባዮች በአራቱም ማዕዘን ተቀምጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ከተሞች የምትጽፈው ጄን ጄኮብስ እነዚህን አራቱን አነጻጽራ ጻፈች። በአንድ ፕላን፣ በአንድ ዘመን የተወለዱ ናቸው፤ ዕጣቸው ግን የተለያየ ሆነ። ሪተንሃውስ የተባለው ዙሪያውን መኖሪያ፣ ሱቅ፣ ቢሮ፣ ምግብ ቤት ተቀላቅለው ስለከበቡት ሰው ከጠዋት እስከ ማታ በየተራው ይመላለስበት ነበር፤ በማለዳ ወደ ሥራ የሚሄደው፣ ረፋዱ ላይ ልጅ ይዛ የምትወጣው እናት፣ ማታ ደግሞ እራት በልቶ የሚንሸራሸረው። ዋሽንግተን የተባለው ግን በቢሮ ሕንፃዎች ብቻ በመከበቡ፣ ሠራተኛው ምሳ በልቶ ሲመለስ ጭር ይል ነበር። መናፈሻን የሚያኖረው ከዳር ያለው ነው። የእኛው ዳር ደግሞ ግድግዳ ነው።

ስለዚህ ንግድን አልቃወምም፤ እንዲያውም ንግዱ ወደ መናፈሻው እንዲጠጋ ነው የምለምነው። የሱቆቹ በሮችና መስኮቶች መናፈሻውን ይዩ። ሻይ ቤቱ ወንበሮቹን ወደዚያ ያውጣ። የዕቃ ማራገፊያው፣ የቆሻሻ ገንዳውና ጄኔሬተሩ በሌላ ጎን ይሁኑ። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ መሬት አያስፈልግም፤ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ሕንፃው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር የሚወስን አንድ አንቀጽ ይበቃል። ነጋዴውም አይጎዳም፤ ልጇን የምታጫውት እናት ሱቁ ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት ስትቀመጥ ከመኪና ወርዶ፣ ገዝቶ፣ ወዲያው ከሚሄደው የተሻለች ደንበኛ ናት።

ረቂቁ መናፈሻዎቹን «በሁለተኛው ምዕራፍ» እንደሚያለማ ይገልጻል። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ሐረግ ነው። በሚኒያፖሊስ ዳርቻ ባለችው ኢዳይና ከተማ ሳውዝዴል የሚባል የገበያ ማዕከል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲከፈት በአሜሪካ ከነፋስና ከብርድ ተከልሎ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ የመጀመሪያው የገበያ ማዕከል ነበር። ንድፉን የሠራው የቪየና ተወላጁ አርክቴክት ቪክቶር ግሩን ነው። ግሩን ያሰበው ገበያ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው የመኖሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ የሕክምና ማዕከል፣ መናፈሻና ሐይቅ እንዲኖሩ በፕላኑ አስቀምጦ ነበር። የቆመው ግን ኪራይ የሚያስገኘው ክፍል ሆነ፤ ሕንፃውን የከበበውም የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ነው። የዓለም የከተማ ዳርቻዎችም የቀዱት ያንኑ ግማሹን ነው። ግሩን በሕይወቱ ማብቂያ የእሱ ሐሳብ ውጤት ናቸው የሚባሉትን የገበያ ማዕከላት በአደባባይ ክዷቸዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ገንዘብ ካስገባ በኋላ ሁለተኛውን የሚያስገድድ ኃይል አይኖርም። እባካችሁ፣ የገበያው መጠቀሚያ ፈቃድ ከመናፈሻው መጠናቀቅ ጋር ይታሰር፤ መናፈሻው ሳይከፈት ሱቁ አይከፈት።

«መሬት የለም» የሚለውን መልስም አስቀድሜ አስቤበታለሁ። መሬቱ አለ፤ በመኪና ማቆሚያ ስም ተይዟል። ረቂቅ ደንቡ ለ25 ካሬ ሜትር የሱቅ ወለል አንድ የመኪና ቦታ ይጠይቃል። አንድ መኪና ከመተላለፊያው ጋር 25 ካሬ ሜትር አካባቢ ይወስዳል። እንግዲህ ለ1,000 ካሬ ሜትር ሱቅ ሌላ 1,000 ካሬ ሜትር አስፋልት በደንብ እናስገድዳለን ማለት ነው። ያ ስፋት የሚሞላው በዓመት ጥቂት ቀናት ነው። ቢሮው ቀን፣ ሬስቶራንቱ ማታ አንዱን ማቆሚያ በጋራ ቢጠቀሙ የሚተርፈው መሬት ለመናፈሻ ይበቃል። የአሜሪካዋ ቡፋሎ እ.ኤ.አ. በ2017 «ቢያንስ ይህን ያህል የመኪና ማቆሚያ ይኑር» የሚለውን የዚህን ዓይነት ግዴታ በመላ ከተማዋ አንስታለች። እኛ ሙሉ በሙሉ እናንሳው አልልም፤ ግን ግማሹ እንዲቀነስ እጠይቃለሁ። የጎርፉም ነገር አለ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው፤ 10,000 ካሬ ሜትር አስፋልት በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 300,000 ሊትር ያህል ውኃ በአንዴ ወደ ታችኛው ሰፈር ይለቃል። ዝቅ ብሎ የተሠራ መናፈሻ ያን ውኃ ለጥቂት ሰዓት ሊይዘው ይችላል።

ስለ አቆጣጠሩም አንድ ነገር። የረቂቁ መግለጫ የአረንጓዴ ቦታ ድርሻን በመቶኛ ሲያስቀምጥ የመንገድ አካፋዮችን፣ ገደሉንና ያችን ሦስት ማዕዘን አብሮ ደምሯል። ልጅ ኳስ ይዞ ሊገባበት የማይችል ቦታ መናፈሻ ተብሎ አይቆጠር። የከተማ ደን ተመራማሪው ሴሲል ኮናይነንዳይክ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረበው ቀላል መለኪያ አለ፦ ከእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ 3 ዛፎች ይታዩ፤ በየሰፈሩ 30 በመቶው መሬት በዛፍ ጥላ ይሸፈን፤ ከእያንዳንዱ ቤት እስከ መናፈሻ ከ300 ሜትር አይበልጥ። ሦስተኛውን ስትለኩ ግን በካርታ ላይ በማስመሪያ ሳይሆን ሰው በእግሩ በሚሄድበት መንገድ ለኩት። በማስመሪያ ከተለካ የእኔ ቤት ፈተናውን አልፏል።

አልሚው አረንጓዴ ቦታ ከመተው ይልቅ ገንዘብ ከፍሎ ነፃ የሚወጣበት አንቀጽም አለ። ይህ አንቀጽ ቢሰረዝ ይሻላል። አንቀጹ መቆየት አለበት ከተባለም ገንዘቡ በዚያው ሰፈር፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለመሬት ብቻ እንዲውል ይጻፍ። ገንዘብ በሌላ ገንዘብ ይተካል፤ በሰፈር መሀል የጠፋ ክፍት መሬት ግን ሕንፃ ካልፈረሰ አይመለስም።

የከተማዋ ገቢ ከንግድ እንደሚመጣ፣ መናፈሻ ደግሞ ወጪ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ የጥበቃና የአትክልተኛ ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል። ነገር ግን የመናፈሻ ነዳፊው ፍሬድሪክ ሎ ኦልምስቴድ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሲሠራ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች የንብረት ግምት በየዓመቱ ምን ያህል እንደጨመረ መዝግቦ ለከተማው ያቀርብ ነበር፤ ጭማሪው የሚያስገኘው ግብር ፓርኩን ለመሥራት የወጣውን ብድር ወለድ እንደሚሸፍን ያሳየውም በዚያ መዝገብ ነው። የእኛም ጽሕፈት ቤት ይህን ዓይነት መዝገብ ይጀምር። የከተማዋ ግምጃ ቤት ከመናፈሻ ምን እንዳገኘ በቁጥር ይታይ።

ክቡር ከንቲባ፣ ረቂቁ ወደ ምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት የመናፈሻዎቹ ወሰን፣ የእግረኛ መግቢያዎቻቸውና በዙሪያቸው ያሉ ሕንፃዎች ፊት በግልጽ የሚታዩበት የታረመ ካርታ በዚያው አዳራሽ ቢያንስ ለ30 ቀን እንዲለጠፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የቅዳሜውን መንገድ በእርምጃ ለክቼ፣ በሩ ሊከፈት የሚችልበትን ቦታ በአጥሩ ላይ ምልክት አድርጌ የሣልኩትን ንድፍ ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ለመዝገብ ቤት አስገብቻለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የከተማዋ ነዋሪ